ጥርስ ካለቀ በኋላ ፊት ለምን ይገባል፣ ዴንቸርስ ምን ያህል ይመልሰዋል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። እናትሽ 59 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ድዳቸው ለዓመታት ሲደማ ቆይቶ የላይ ጥርሶቻቸው እየተነቃነቁ ወጡ፣ የቀሩትም የዛሬ ዓመት ገደማ አንድ ላይ ተነቀሉ። ከታች የፊት ስድስቱ ብቻ አሉ። በተነቀሉ በሳምንቱ ልክ ተወስዶ የላይ ሙሉ ዴንቸር፣ ማለትም የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ ተሰራላቸው፣ ለታቹም የጎን ጥርስ ተሰርቶላቸው ነበር ግን ይከብደኛል ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። አሁን ዴንቸሩን ሲያወልቁ ጉንጫቸው ገብቶ፣ አገጫቸው ወደፊት ወጥቶ በጣም ያረጁ ይመስላሉ፣ ሲያደርጉት ደግሞ አፋቸው ያበጠ ይመስላል፣ ሲያወሩም ቋ ቋ ይላል፣ ስለዚ ለሰርግና ለለቅሶ ካልሆነ አያደርጉትም። አንቺ ዱባይ ነሽ። የምትጠይቂው ሰሪው አበላሽቶት ነው ወይ፣ ፊታቸው ይመለሳል ወይ፣ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ) ይሰራላቸው ወይስ ጓደኛሽ እንዳለችው ፊለር (ከንፈርና ቆዳ ስር በመርፌ የሚሞላ ነገር) ይሻላል፣ እንደውም ወደዚህ ላምጣቸው ወይ ነው።

ቶሎ መልስ ለምትፈልጊው፣ የፊታቸው አብዛኛው ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይመለስም፣ ኢምፕላንት ስለተደረገ ብቻም አይመለስም። ከምታወጪው ብር በላይ ፊታቸውን የሚወስን አንድ ቀን አለ፣ እሱም ጥርሶቹ ገና ሰም ላይ ተደርድረው አፍ ውስጥ ገብተው የሚታዩበት ቀን ነው፣ እኛ ትራይ ኢን የምንለው። ያ ቀን በችኮላ ካለፈ ወይ ጭራሽ ከተዘለለ በኋላ ላይ የሚደረገው ነገር ሁሉ ማቃናት ነው የሚሆነው። የእናትሽም ነገር ግማሹ ከዛ የመጣ ይመስለኛል፣ ግማሹ ደሞ ከጊዜው። እሱን እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ግን ፊቱ ለምን እንደገባ ልንገርሽ ምክንያቱም እሱ ካልገባሽ የትኛው ሐኪም ምን እየሸጠልሽ እንደሆነ መለየት አትችዪም።

ጥርስን አቅፎ የያዘው አጥንት ከቀረው መንጋጋ ይለያል፣ የሚኖረው ለጥርሱ ብሎ ነው። ስናኝክ በጥርሱ ስርና በአጥንቱ መሀል ያለው ጅማት አጥንቱን ይስበዋል፣ ያ መሳብ ነው የሚያቆየው። ጥርሱ ሲወጣ አጥንቱ ስራ ያጣል፣ ሰውነትም ቀስ እያለ ያነሳዋል። ቀስ አልኩ እንጂ መጀመሪያ ላይ እንኳን ቀስ አይልም፣ አንድ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ውፍረት ግማሽ ያህል ሊሄድ ይችላል፣ ከሚሄደውም ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዛ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል ግን ዕድሜ ልክ አይቆምም። ታልግሬን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣችው፣ ዴንቸር አድራጊዎችን እስከ 25 ዓመት በተከታተለ ጥናት የታች መንጋጋ ከላዩ አራት እጥፍ ገደማ አጥንት እንደሚያጣ አሳይታለች፣ እስካሁንም ይሄንን ቁጥር ነው የምንጠቅሰው። እናትሽ ጋር ደሞ የድድ በሽታው ጥርሱ ሳይወጣ በፊት ጀምሮ አጥንቱን ሲበላው ነው የቆየው፣ ጥርሱ የተነቃነቀውም ለዛ ነው፣ ስለዚ በተነቀለበት ቀን አጥንቱ ቀድሞ የጎደለ ነበር።

አሁን ወደ ፊት እንምጣ። የላይ ከንፈር በራሱ አይቆምም፣ የላይ የፊት ጥርሶችና ከነሱ ስር ያለው አጥንት ላይ ተደግፎ ነው የቆመው። ድጋፉ ሲሄድ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ቀዩ ክፍል ይሳሳል አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል፣ ከአፍንጫ ስር ያለው ሰርጥ ይተኛል፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ ዳር የሚወርደው መስመር ይጠልቃል። አፍንጫም የረዘመ ይመስላል፣ አፍንጫው ምንም ሳይሆን ከስሩ ያለው ከንፈር ስለሸሸ ብቻ። የላይ አጥንት የሚጎድለው ከውጭ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ነው፣ ስለዚ ቅስቱ በየዓመቱ ይጠባል፣ ጉንጭም ከጎን የሚደግፈው የመንጋጋ ጥርስ ሲያጣ አብሮ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው፣ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። አፋችንን ስንዘጋ የታች መንጋጋን "እዚህ ጋ ቁም" የሚለው የላይና የታች ጥርስ መገናኘቱ ነው። ማቆሚያ ሲጠፋ መንጋጋው እስከሚችለው ድረስ ይዘጋል፣ በማጠፊያው ላይ ስለሚዞርም ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደፊትም ይሄዳል። እናትሽ ሲያወልቁት አገጫቸው የሚወጣው አገጭ ስላደገ አይደለም፣ መንጋጋው ከሚገባው በላይ ስለተዘጋ ነው። ይሄ ጥሩ ዜና ነው፣ ምክንያቱም ከፍታ ሙሉ በሙሉ ሊመለስ የሚችል ነገር ነው፣ አጥንት ግን አይመለስም።

ከፍታ ሲያንስ የአፍ ዳር ቆዳ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ውስጥ ምራቅ ይተኛል፣ እርጥብ ቦታ ላይ ፈንገስ ይበቅላል፣ ይቀላል ይሰነጠቃል ያቃጥላል። ብዙ ሰው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያደርግበታል፣ ቅባቱም ይቀባል፣ ለሳምንት ይሻለዋል ከዛ ይመለሳል። የእናትሽ የአፍ ዳር እንደዚህ ከሆነ ከፍታው ካልተስተካከለ በክሬም ብቻ አይድንም፣ በርግጥ የስኳሩ አለመስተካከልና የደም ማነስም ያባብሰዋል።

እሺ፣ ዴንቸሩ ሲገባስ ለምን ያበጡ መሰሉ? ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። አንዱ ጥርሶቹ በጣም ወደፊት ተደርድረው ነው። ሌላው ከንፈር ስር የሚገባው ሮዝ ፕላስቲክ ወፍራም ሆኖ ነው። ሦስተኛው ከፍታው ከሚገባው በላይ ተደርጎ ነው፣ ያኔ ከንፈር ሳይጨነቅ መገናኘት አይችልም፣ አገጩ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ይወጣሉ፣ ሲያወሩም ጥርሶቹ ያለጊዜያቸው ይጋጫሉ። ቋ ቋ ማለቱ ወይ ከዚህ ነው ወይ ዴንቸሩ ላልቶ ሲወርድ ሲወጣ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ከርቀት መናገር አይቻልም ግን አንድ ዓመት ሙሉ ልኩ ካልታየ ሁለቱም አብረው ቢኖሩ አይገርመኝም።

በነገራችን ላይ ይሄ የዛሬ ችግር አይደለም። የአንድ ዶላር ኖት ካለሽ አውጪና የጆርጅ ዋሽንግተንን አፍ እዪው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1789 ፕሬዚዳንት ሲሆን አፉ ውስጥ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር፣ ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 ሲስለው ደግሞ አፉ ውስጥ በስፕሪንግ የተያያዘ ከባድ ዴንቸር ነበረ፣ ዶላሩ ላይ ያለው ፊት ከዛ ስዕል የመጣ ነው። ከእንጨት ነበር የሚባለው ወሬ ነው፣ የዝሆንና የጉማሬ ጥርስ፣ የሰው ጥርስ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ምናምን ነበር። ለጥርስ ሐኪሙ ለግሪንውድ የጻፈው ደብዳቤ አለ፣ ዴንቸሩ ከንፈሮቼን ወደ ውጭ ገፍቶ ያበጠ አስመሰለብኝ ብሎ የሚያማርርበት። የእናትሽን ቅሬታ ልክ ነው የጻፈው። ልዩነቱ የዛሬው ሐኪም ይሄንን ከመጨረሱ በፊት ማየት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፣ "አበጠ" የምትሉት ከምን ጋር አወዳድራችሁ ነው? ቤተሰብ ለወራት የገባ ከንፈር ሲያይ ከቆየ ዓይኑ እሱን ይለምዳል፣ በድንገት ከንፈሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ያበጠ ይመስለዋል። እናትሽም መስታወት ፊት እንደዛው። ስለዚ ከአምና ፊታቸው ጋር ሳይሆን ከ10 እና 15 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አወዳድሪ። የኛ እናቶች ፎቶ ላይ አይስቁም፣ ችግር የለውም፣ አፋቸው የተዘጋ ፎቶም የከንፈሩን ቦታ ያሳያል። ከጎን የሚታይ ነገር ካገኘሽ ደሞ ወርቅ ነው፣ የሆነ ዘመድ ሰርግ ቪዲዮ ላይ ሲያወሩ ወይ ሲጨፍሩ ከጎን የተቀረጹበት አይጠፋም፣ እሱን ቆርጠሽ ላኪ።

ሰሪው አበላሽቶት ነው ወይ ላልሽው፣ ፍርድ መስጠት አልፈልግም ግን ጊዜው ራሱ ከሳሽ ነው። በተነቀለ በሳምንቱ የተለካ ድድ ገና ያበጠ፣ ገና ቅርጹን ያልያዘ ድድ ነው። በዛ ልክ የተሰራ ዴንቸር ሲጀመር በደንብ ይይዛል፣ ከዛ አጥንቱ ከስሩ እየሸሸ ስለሚሄድ በሦስት አራት ወር ውስጥ ይላላል። ቶሎ መስራት በራሱ ጥፋት አይደለም፣ እንደውም በተነቀለበት ቀን የሚገባ ዴንቸርም አለ፣ ሰው ያለጥርስ ወደ ስራ መመለስ ካልፈለገ ጥሩ ነው። ግን ጊዜያዊ እንደሆነ ለታካሚው ሊነገረው ይገባል፣ ከወራት በኋላ ውስጡ በአዲስ ልክ መሞላት አለበት፣ ሪላይን ይባላል፣ ወይ ደሞ አዲስ ይሰራል። ይሄን ማንም ካልነገራቸው ጥፋቱ እሱ ነው። እንደዚህ ተነግሯቸው ቀጠሮ ሳይመለሱ ቀርተውም ሊሆን ይችላል፣ ያው እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን፣ "አላስቸግር" ብለው።

አሁን ደሞ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝን ነገር ልንገርሽ፣ አንቺ እንደዋዛ ነው የጻፍሽው፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው የታች ጥርስ። ከላይ ሙሉ ዴንቸር፣ ከታች የራሳቸው የፊት ስድስት ጥርስ ብቻ፣ የጎን የለም። ይሄ አደረጃጀት በሙያችን በጣም የታወቀ ነው፣ ኬሊ የሚባል ሐኪም በዛው በ1972 በዝርዝር ጽፎታል። ሰውየው የሚያኝክበት የጎን ጥርስ ስለሌለው በፊት ጥርሱ ማኘክ ይጀምራል፣ የታች የተፈጥሮ ጥርሶች ጠንካራ ናቸው፣ የላዩን ዴንቸር ከፊት በኩል ይገፉታል፣ ዴንቸሩም ጠርዙ ላይ እንደተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ከኋላ በኩል ይነሳል። ግፊቱ በየቀኑ የላይ የፊት አጥንትን ይፈጨዋል፣ በቦታው የሚቀረው ለስላሳ የሚንቀሳቀስ ድድ ነው። የፊት አጥንት ማለት ደሞ ከንፈርን የሚደግፈው ማለት ነው። ስለዚ የታቹ የጎን ጥርስ ለማኘክ ብቻ አይደለም፣ የላይ ከንፈራቸውን ቅርጽ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከባዱ ነገር ምቾት የሌለው ከሆነ ይስተካከል፣ በቀጭን ብረት የተሰራ ይሞከር፣ ግን መሳቢያ ውስጥ አይቅር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ አደጋ አለ። አንዳንድ ቦታ "የቀሩት ስድስቱም ይውጡና ከላይም ከታችም ሙሉ እንስራ፣ ያምራል" ይባላሉ። እነዛ ጥርሶች የሚያመረቅዙ ወይ ፈጽሞ የሚወዛወዙ ካልሆኑ እሺ እንዳይሉ። የታች ሙሉ ዴንቸር የኛ ሙያ ከባዱ ስራ ነው፣ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ነው፣ ምላስ ከአንድ በኩል ጉንጭ ከሌላ በኩል ይገፋዋል፣ እንደ ላዩ ላንቃ ላይ ተጣብቆ አይዝም። አጥንቱም ያልኩሽን አራት እጥፍ የሚያጣው እሱ ነው። ክራንቻዎቹ ብቻ እንኳን ቢቀሩ፣ ወይ አናታቸው ተቆርጦ ስራቸው ብቻ ድድ ውስጥ ቢቀር፣ ዙሪያቸው ያለውን አጥንት ያቆዩታል። ጽዳት ይደረግላቸው፣ ድዱ ይታከም፣ ስኳሩ ይስተካከል። ስኳር ካልተስተካከለ ድዱም አይድንም፣ ምራቅም ይደርቃል፣ ዴንቸር ደሞ የሚይዘው በቀጭን የምራቅ ሽፋን ነው፣ አፋቸው ደረቅ ከሆነ ምርጡ ዴንቸርም ይወድቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አንዳንዶቹ አፍ ያደርቃሉ፣ ንገሪያቸው ለሐኪሙ።

እሺ ወደ ሰሙ ቀን። አዲስ ዴንቸር ይሰራ የሚል ሐሳብ ካለሽ፣ ለኔ ከጻፍሽው ተነስቼ የከንፈሩ መገፋት እውነት ከሆነ ሪላይን አይበቃም፣ ሪላይን መላላቱን ነው የሚያክመው፣ ጥርሶቹ ያሉበትን ቦታ አይቀይርም፣ እንደውም በደንብ ካልተሰራ ወደፊት ይገፋቸዋል። አዲስ ከሆነ ስራው አራት አምስት ቀጠሮ ይወስዳል፣ ልክ መውሰድ፣ ሁለተኛ ትክክለኛ ልክ፣ ንክሻውን መለካት፣ ሰም ላይ መሞከር፣ ማስረከብ። በሁለት ቀጠሮ እንጨርሳለን የሚል ካለ አንዱ እርምጃ ተዘሏል፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ሰሙ ነው ምክንያቱም ቴክኒሺያኑ ጋ ሌላ መመላለስ ስለሆነ።

ሰሙ ላይ ጥርሶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ ግማሽ ወደ ታች ማለት ይቻላል። ሰሙ በአክሪሊክ፣ ማለትም በደረቁ የዴንቸር ፕላስቲክ፣ ከተተካ በኋላ ግን አለቀ። ስለዚ በዛ ቀን እህትሽ ወይ ሌላ ዘመድ አብሮ ይሂድ፣ አንቺም በቪዲዮ ግቢ፣ ፎቶውም እዛው ይኑር። እናትሽ ወንበሩ ላይ ተጋድመው ሳይሆን ቀጥ ብለው ቁጭ ብለው፣ ከተቻለ ቆመው፣ ከሐኪሙ ጋር እያወሩ ይታዩ። ቢያንስ ለደቂቃዎች ሰሙ አፋቸው ውስጥ ይቆይ፣ የከንፈር ጡንቻ ወዲያው አይዝናናም።

ምን ይታያል? ከንፈር ሳይጨነቅ ይገናኛል ወይ። ዝም ብለው አፋቸውን ዘና ሲያደርጉ ላይና ታች ጥርስ መሀል ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት፣ እዛ ጋ ጥርስ ከተገናኘ ከፍታው በዝቷል። "እማማ" በሉ ሲባሉ ከንፈር በቀላሉ መግጠም አለበት። "ስልሳ ስድስት" ያስብሏቸው፣ ደጋግመው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ስስስ ሲባል የላይና የታች ጥርስ በጣም ይቀራረባል ግን አይነካካም፣ እዛ ላይ ቋ ካለ ወይ ከፍታው ወይ አደራደሩ ይታያል። "ፋሲካ"ን ሲሉ የላይ የፊት ጥርስ ጫፍ የታች ከንፈርን እርጥቡና ደረቁ የሚገናኝበት መስመር ላይ በቀስታ መንካት አለበት፣ ከንፈሩን አልፎ ውጭ ከወጣ ጥርሱ ወደፊት ሄዷል ማለት ነው። ይሄ ሙከራ መሳሪያ አይፈልግም፣ አንቺ ዱባይ ሆነሽ በስልክ ልታዪው ትችያለሽ። አሁን ባለው ዴንቸርም ዛሬ ማታ አስብያቸው፣ ፊት ለፊትና ከጎን ይቀረጹ፣ ያንን ቪዲዮ ለሐኪሙ ብታሳይው ከረጅም ጽሑፍ ይሻለዋል።

ርዝመቱም አለ። በ20 ዓመት ልጅ ከንፈር ዘና ሲል የላይ ጥርስ 2፣ 3 ሚሊሜትር ይታያል፣ ዕድሜ ሲጨምር ከንፈር ስለሚረዝም የሚታየው ይቀንሳል፣ በ60 ዓመት ትንሽ ቢታይ ወይ ጭራሽ ባይታይ ልክ ነው። የወጣት ያህል ከታየ ሰው ሳይነግሩት አርቴፊሻል መሆኑን ያውቃል። ቀለምም እንደዛው፣ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ካለው ሁሉ ነጩን ነው፣ እናትሽ ግን የታች ስድስት የራሳቸው ጥርስ አለ፣ ቡና ሲጠጣበት የኖረ፣ የላዩ ከሱ ጋር ካልተቀራረበ ሲስቁ ሁለት ሰው አፍ ይመስላል። የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ከሆኑና የታቹ በውኃው ፍሎራይድ ቡናማ ከሆነ ደሞ ትንሽ መደራደር ያስፈልጋል፣ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ይሁን አልልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። በወጣትነታቸው ፍንጭት ነበሩ? ከነበሩ ሰም ላይ ፍንጭቱን መመለስ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ማንም ስለማይጠይቅ ግን ሁሉም እናት አንድ ዓይነት የተደረደረ ጥርስ ይዛ ትወጣለች፣ ልጆቿም "የሆነ ነገር ልክ አይደለም" ይላሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁት። ሌላው ድዳቸው የተነቀሰ ነው? የተነቀሰ ጥቁር ድድ ያላቸው እናት አፍ ውስጥ ደማቅ ሮዝ ፕላስቲክ ሲገባ የሚያስጠላ ነው፣ ይቅርታ ግን እንደዛ ነው። ጠቆር ያለ አክሪሊክ አለ፣ ላብራቶሪው ባይኖረው እንኳን ቀድሞ ከተነገረው ሊያስመጣ ይችላል። ሮዙን እንደ ሕግ መቀበል የለብንም።

ኢምፕላንቱን በተመለከተ። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ስር ነው፣ ማኘክን በጣም ያሻሽላል፣ ሙሉ ዴንቸር ያለው ሰው የመንከስ ኃይሉ ከተፈጥሮ ጥርስ ሩብ ገደማ ነው፣ ኢምፕላንት ይሄን ይቀይራል፣ ዙሪያው ያለውን አጥንትም ያቆያል። የሄደውን ግን አይመልስም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፣ ከፊት በኩል ብዙ አጥንት ያጣ ሰው ላይ የማይወልቅ፣ ሮዝ ፕላስቲክ የሌለው የኢምፕላንት ጥርስ ሲገጠም ከንፈሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ጥርሱ ያምራል ፊቱ ግን የገባ ነው። ከንፈርን የሚሞላው ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያለው ፕላስቲክ ስለሆነ እንደዚህ ዓይነት ሰው ላይ በኢምፕላንት የተያዘ ግን የሚወልቅ ዴንቸር ለፊት መልክ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ሰሙ ከከንፈር ስር ያለው ክፍል ተቆርጦ ጥርሶቹ ብቻ ሆነው ይሞከራል፣ ከጎን ፎቶ ይነሳል፣ ከንፈሩ ከወደቀ የማይወልቀውን እርሺው። ይሄንን ሳያሳይሽ ፓኬጅ የሚሸጥልሽ ክሊኒክ ካለ፣ ዱባይም ይሁን አዲስ አበባ፣ ሌላ ጋ ጠይቂ።

ለላይ መንጋጋ የሚወልቀውን ለመያዝ አብዛኛውን ጊዜ አራት ኢምፕላንት ያስፈልጋል፣ ከጎን በኩል ከሳይነሱ (ከአፍንጫ ጎን ጉንጭ አጥንት ውስጥ ካለው የአየር ክፍተት) ስር ያለው አጥንት ቀጭን ሊሆን ስለሚችል የሲቲ ምስል መታየት አለበት። ስኳር መከልከያ አይደለም ያልተስተካከለ ስኳር ግን ነው፣ የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ ቀድሞ ይሰራ። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት ወስደው የሚያውቁ ከሆነም ከምንም በፊት ለሐኪሙ ይነገር፣ መንቀልም መትከልም ላይ አጥንቱ አልድን ሊል ይችላል። የኔ ምርጫ ምንድነው ካልሽኝ፣ መጀመሪያ በትክክል የተሰራ የላይ ዴንቸር ከታች የጎን ጥርስ ጋር፣ ለጥቂት ወራት ይለመድ፣ ካልበቃቸው ያ ዴንቸር ራሱ ለኢምፕላንቱ እቅድ ይሆናል፣ ምንም አይባክንም።

ፊለር፣ አሁን አይሆንም። ከንፈር ስሩ ባዶ ሆኖ ፊለር ሲሞላ ከብዶ የበለጠ ይወርዳል፣ ያበጠ ይመስላል ግን የተደገፈ አይመስልም፣ በኋላ ዴንቸር ሲሰራም በፊለር በተለወጠ ከንፈር ላይ ነው የሚለካው። ጥርሱ ተስተካክሎ ሁለት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የቀረው መስመር ካሳሰባቸው ያኔ ይጠየቅ፣ 59 ዓመት የኖረ ቆዳ የራሱ መስመር አለው፣ እሱን ጥርስ አያጠፋውም። የፊት ማሳጅና ስፖርት የሚባለው አጥንት አይመልስም፣ ብር ካልከፈሉበት አይጎዳም።

የአያያዙን ነገር ባጭሩ፣ ማታ ወልቆ ውኃ ውስጥ ይደር፣ ድዱ ይረፍ። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፣ የጥርስ ሳሙና ይቧጥጠዋል፣ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ካቆሰላቸው በሞረድ እቤት አይሞረድ፣ ከተሰበረም በሱፐር ግሉ አይጣበቅ፣ ሁለቱንም አይቻለሁ። አዲሱን ከወሰዱ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማስተካከል መመላለስ የስራው አካል ነው፣ ምራቅ ይበዛል፣ ንግግር ይከብዳል፣ ስልሳ ስድስትን እቤት እየደጋገሙ ይለማመዱ፣ ቆሎውን ለጊዜው ይተዉት።

ዱባይ ላምጣቸው ላልሽው ለዛ ነው አይሆንም የምለው። ሙያው እዚያ ስለሌለ አይደለም፣ ጊዜው ስለማይበቃ ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት መጥተው ቀጠሮዎቹ ቢያልቁ እንኳን ማቁሰል የሚጀምረው ሲመለሱ ነው፣ ያኔ ማን ያስተካክለዋል? ኢምፕላንት ከሆነ ደሞ አጥንቱ እስኪይዘው ብቻ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። ትኬትና ቪዛ ላይ የምታወጪውን ቅርባቸው ያለ፣ ተነቃይ ጥርስ ላይ የሚሰራ ስፔሻሊስት ጋ አድርጊውና ቀጠሮ ሲያስይዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሰም ላይ ትሞክራላችሁ ወይ፣ በዛ ቀን ልጃቸው በቪዲዮ ትገባለች" ይሁን።